ፋንግ፣ ታስክ፣ ካናይን፦ ሁሉም ክራንቻ ናቸው እንዴ?

የቅዳሜው_መምህር፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ እናስተምራለን። አሁን ስለ እንስሳት የሚያወራ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩላቸው ነው። ስለ ጅራትና ስለ ጆሮ የሚያወሩት ገጾች አላስቸገሩኝም። የጥርሱ ገጽ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

ገጹ ላይ ውሻ፣ እባብ፣ ከርከሮና ዝሆን አሉ። እንግሊዝኛው ለውሻው ካናይን፣ ለእባቡ ፋንግ፣ ለከርከሮውና ለዝሆኑ ታስክ ይላል። እኔ ለሁሉም ክራንቻ ልል ነበር። ባለቤቴ አየችና «የዝሆን ክራንቻ የሚል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?» ብላ ሳቀች። እውነትም የምንለው የዝሆን ጥርስ ነው። ታዲያ ክራንቻ የቱን ነው የሚይዘው? ከልጆቹ አንዷ ደግሞ «ጥርስ ለምን ጥርስ ተባለ?» ብላ ይዛኛለች። የሚያውቅ ካለ እሱንም እግረ መንገዱን ይንገረኝ።

ሰላሌ_በር፦

ክራንቻ ሹሉ ነው። ውሻ ሲያጉረመርም ከንፈሩን ሰብስቦ የሚያሳይህ እሱን ነው። እኛ ሰፈር ውሻው ክራንቻውን ካሳየ ይሮጣል እንጂ ትርጉም አይጠየቅም።

ነጭ_ጋውን፦

ሥራዬ የጥርስ ሕክምና ነው። ከታካሚ ጋር በአማርኛ ስናወራ ሦስት ስም ይበቃናል። የፊት ጥርስ፣ ክራንቻ፣ መንጋጋ። የፊቱ ይቆርጣል፣ ክራንቻው ወግቶ ይይዛል፣ መንጋጋው ይፈጫል። አዋቂ ሰው 32 ጥርሱ ሙሉ ከሆነ አራቱ ክራንቻ ናቸው። ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ውሻ 42 ጥርስ አለው፣ ድመት 30። የሁለቱም ክራንቻ እንደኛው አራት ነው።

ክራንቻ ሥሩ ከሁሉም ይረዝማል። ለዚህ ነው ብዙ አዛውንት ሌላው ሁሉ ወልቆ እሱ ብቻ የሚቀራቸው። ስንነቅለውም የሚያታግለን እሱ ነው።

እኛን የሚያምታታን መንጋጋ ነው። ሰው ገብቶ «መንጋጋዬን አመመኝ» ይላል። አጥንቱን ይሁን ጥርሱን በጣት ካላሳየ አይታወቅም።

የቅዳሜው_መምህር፦

ዶክተር አመሰግናለሁ። መንጋጋ ግን የቱ ነው በመሠረቱ? አጥንቱ ነው ጥርሱ?

ትርፍራፊ_ቆሎ፦

ሁለቱም ነው ወንድሜ። ሶምሶን ፍልስጤማውያንን የመታው በአህያ መንጋጋ ነው። ያ አጥንቱ ነው። በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ኢዩኤል ምዕራፍ 1 ላይ ደግሞ የወራሪው ሕዝብ ጥርስ በአንበሳ ጥርስ፣ መንጋጋው በእንስት አንበሳ መንጋጋ ተመስሏል። ብዙ የውጭ ተርጓሚዎች እዚያች ቦታ ላይ የሚያስቀምጡት ያንተን ፋንግ ነው። የእኛዎቹ ክራንቻ ቢሉም ያስኬድ ነበር። በእኔ ጆሮ ግን ክራንቻ የጓሮ ቃል ነው፣ ከነቢያት ንግግር ጋር አይሄድም። መንጋጋ ማለታቸው ደግ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። እኔ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ የማውቃትን ብቻ ልበል።

በግእዝ ተራው ጥርስ «ስን» ነው። ማቴዎስ ላይ «ብካይ ወሐቅየ ስነን» የሚለውን ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ ሰምቶታል። በአማርኛ «ልቅሶና ጥርስ ማፋጨት» ሆነ። ግእዙ ስን ያለውን አማርኛው ጥርስ አለው ማለት ነው።

ጥርስስ ከየት መጣ? ግእዝ «ፅርስ» የሚል ሌላ ቃል አለው። እሱ የሚለው የኋላውን፣ የሚፈጨውን ጥርስ ነው። ዶክተሩ መንጋጋ ያሉትን። የግእዝ ጸ እና ፀ አማርኛ ውስጥ ሲገቡ ብዙ ጊዜ ጠ ይሆናሉ። ጸጉር ጠጉር፣ ጸብ ጠብ እንደሚባለው። ፅርስም ጥርስ ሆነ። ከዚያ ከኋላ ተነሥቶ አፉን በሙሉ ያዘ፣ ስንን አስወጣው። ስለዚህ ለልጅቷ «ጥርስ ድሮ የመንጋጋ ስም ነበር፣ በኋላ የሁሉም ሆነ» በላት።

ሰላሌ_በር፦

የኔታ ሳይጨርሱ ወጥተው እንዲህ ከሆነ ቢጨርሱ ኖሮ ምን ልንሆን ነበር?

ትርፍራፊ_ቆሎ፦

የኔታ አትበለኝ፣ የኔታ ቢሰሙ በአርጩሜ ነው።

ሚጡ_ሻርጃ፦

ይሄ ፅርስ የምትሉት ነገር ደስ አለኝ። እኔ የምሠራው ኢምሬትስ ነው። ማዳም ታመመችና ጥርስ ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ «ድርስ፣ ድርስ» ትላለች። እኔ በሆዴ «ጥርስ ማለት አቅቷት ነው» አልኩ። ለካ በእነሱ የኋላው ጥርስ ስሙ ድርስ ነው። የፊቱን «ሲን» ነው የሚሉት። የመጨረሻውን፣ ትልቅ ሰው ሲሆኑ የሚበቅለውን ደግሞ «ድርስ አል ዐቅል» ይሉታል። የአእምሮ መንጋጋ እንደማለት ነው።

ትርፍራፊ_ቆሎ፦

እህቴ ተባረኪ፣ ነገሩን ጨረስሽልን። የዐረቡ ድርስና የግእዙ ፅርስ አንድ ናቸው። የዐረብኛው ያ ወፍራም ድ የእኛ ፀ ነው። እኛ ፀሐይ የምንለው ዘር በእነሱ «ዱሓ» ሆኖ የረፋድ ፀሐይ ስም ነው። ዐረቦች ሁለቱንም ጥርስ እየለዩ ይዘዋል። አማርኛ አንዱን ጣለና የቀረውን ለሁሉም አደረገ።

አድዋ_መንገድ፦

ትግርኛ ግን ስንን አልጣለም። ጥርስ «ስኒ» ነው። ጉራጌዎችም፣ ሐረሪዎችም ከዚያው ዘር ያለውን ነው የሚሉት። አማርኛ ነው ለብቻው የወጣው።

አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ መቀሌ መጥቶ ቡና እየጠጣን እናቴ «ስነይ ሓሚሙኒ» አለች። ጥርሴን አመመኝ ማለቷ ነው። እሱ እጇ ላይ ያለውን ሲኒ አየ። «ተሰንጥቋል እንዴ?» አላት።

ሚጡ_ሻርጃ፦

ወይኔ ሆዴን አመመኝ በሳቅ! ትግርኛ ሲኒውን ምን ይለዋል ታዲያ?

አድዋ_መንገድ፦

ፊንጃል።

ሎድ_ነዋሪ፦

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። እዚህም «ሼን» ነው ጥርስ። ያው ስን ማለት ነው። የጥርስ ሐኪም «ሮፌ ሺናይም» ይባላል። ሚጡ ያልሻትን የአእምሮ ጥርስ እነሱም «ሼን ቢና» ይሏታል፣ የማስተዋል ጥርስ። የእኛ እናቶች እዚህ አገር ቋንቋውን ሲማሩ ግእዝ የሰሙት ቀሳውስት ይቀድሟቸው ነበር፣ ለካ ምክንያት ነበረው።

ሹሉን ደግሞ ዕብራይስጥ «ኒብ» ይለዋል። የዐረብኛው «ናብ» ወንድም ነው።

መንከስ ላይም አንድ ነገር አለ። ግእዙ «ነሰከ» ነው። አማርኛ ሁለቱን ፊደል አቀያየረና ነከሰ አለ። ዕብራይስጡ «ናሻክ» ብሎ በግእዙ መንገድ ቀረ። ከዚያው ከመንከስ የወጣ «ኔሼክ» የሚል ቃል አላቸው። ምን መሰላችሁ? የአራጣ ወለድ! ባንክ ቤት ዕዳ ላለበት ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሰላሌ_በር፦

አማርኛውም ከዚህ አይተናነስም። ሰው ቂም ሲይዝብህ ጥርሱን ነክሶብሃል ይባላል። አለቃህ ጠምዶ ከያዘህ ደግሞ ጥርስ ውስጥ ገብተሃል። እኔ አሁን ያለሁበት ቦታ ነው።

ቀለመወርቅ_ኛው፦

ሁላችሁም ጥርስን ፈታችሁ ክራንቻን ተዋችሁት። እኔ የሚመስለኝ ክራንቻ ከግእዙ «ቀርን» የመጣ ነው። ቀርን ቀንድ ነው። ክራንቻም ሹል ስለሆነ ቀንድ መሰለ። ቀርን፣ ክራን፣ ክራንቻ። አለቀ።

ትርፍራፊ_ቆሎ፦

አላለቀም ወዳጄ። ቀርን እኮ አማርኛ ውስጥ ቦታ ይዞ ተቀምጧል፣ «ቀንድ» ሆኖ። ቀ ደግሞ እንዲያው በፈቃዱ ከ አይሆንም። ፅርስ ጥርስ ሆነ ስንል ጠጉርንና ጠብን ምስክር ጠርተናል። አንተ ለቀ እና ለከ ማንን ትጠራለህ?

ድምፅ ስለተመሳሰለ ዘመድ አይደለም። ቅድም የተሣቀበትን ሲኒ እየው። የትግርኛው ስኒ ጥርስ ነው፣ ጥንታዊ ነው። የቡናው ሲኒ ግን ከዐረብኛው «ሲኒ» የመጣ ነው፣ የቻይና ማለት። ሸክላው ከቻይና ይመጣ ስለነበር የዕቃው ስም ሆኖ ቀረ። አንዱ አፍ ውስጥ ነው፣ ሌላው አፍ ላይ ይደርሳል። ዝምድናቸው ይሄው ነው።

ቀለመወርቅ_ኛው፦

ቀንድና ጥርስ ግን ምንም አይገናኙም ማለትህ ነው? እኔ አይመስለኝም።

ትርፍራፊ_ቆሎ፦

እሱማ ይገናኛሉ! መምህሩ የጠየቀው ዝሆን ላይ ነው የሚገናኙት። በግእዝ የዝሆን ጥርስ «ቀርነ ነጌ» ይባላል። ነጌ ዝሆን ነው። ቀጥታ ሲመለስ የዝሆን ቀንድ። አባቶቻችን ያንን ነገር ሲያዩት ጥርስ አልመሰላቸውም። ከአፍ ወጥቶ ወደ ላይ የሚቆለመም ምን ጥርስ አለ?

ሎድ_ነዋሪ፦

ሕዝቅኤል 27 ቁጥር 15 ላይ ዕብራይስጡ «ቀርኖት ሼን» ይላል። የጥርስ ቀንዶች! ስለ ጢሮስ ንግድ ሲያወራ ነው። ቀንድ ነው ወይስ ጥርስ የሚለው ግራ ገብቷቸው ሁለቱንም ያሉ ነው የሚመስለው። የዛሬው ዕብራይስጥ «ሼንሃቭ» ብሎ ጥርስነቱን መርጧል።

ነጭ_ጋውን፦

በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ግሪካዊ ተጓዥ ፓውሳንያስም ጥርስ አይደለም ቀንድ ነው ብሎ ተከራክሯል። ስለዚህ ግእዝ ብቻውን አይደለም። ሳይንሱ ግን ጥርስ ነው ይላል። ውስጡ እንደኛ ጥርስ ዴንቲን ነው።

መምህር፣ ለመጽሐፍህ የሚጠቅምህ ይሄ ነው። የዝሆኑ ጥርስ ክራንቻ አይደለም። የላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርስ ነው። እኛ ዳቦ የምንገምጥበት ጥርስ ከዘመዱ ረዝሞ ረዝሞ ወጣ ማለት ነው። ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ ሲሶው የሚሆነው ደግሞ ራስ ቅሉ ውስጥ ተቀብሮ አይታይም። ባለቤትህ ልክ ናቸው።

የከርከሮው ግን የለየለት ክራንቻ ነው። ወደ ላይ ተቆልምሞ የምታየው ትልቁ የላይኛው ክራንቻው ነው። የታችኛው አጭር ነው፣ አፉን በከፈተና በዘጋ ቁጥር ከላይኛው ጋር እየተፋተገ ይሳላል። የሚያቆስለው ያ አጭሩ ነው። የጉማሬም የታችኛው ክራንቻ ግማሽ ሜትር ሊደርስ ይችላል።

እንግሊዝኛው ታስክ ሲል ከአፍ ውጭ ያለውን ርዝመት አይቶ ነው። ክራንቻ የምንለው ግን በቦታው ነው፣ ከፊት ጥርስ ቀጥሎ የተተከለውን። ሁለቱ ቃል አንድ ነገር አይለኩም።

የቅዳሜው_መምህር፦

ይሄንን ነበር የፈለግኩት። እባቡስ?

ነጭ_ጋውን፦

የእባብ አፍ የእኔ ክሊኒክ አይደለም ብልህም የማውቀውን እነግርሃለሁ። የእፉኝት መርዝ ጥርስ እንደ መርፌ ክፍት ነው። አፉ ሲዘጋ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ሲከፍት ይቆማል። የእባቡ አፍ እንደ ውሻ በፊት ጥርስ፣ በክራንቻና በመንጋጋ አልተከፈለም። ሲሰበርበትም ሌላ ይተካለታል። በዕድሜ ልኩ ሲቀያይር ይኖራል።

ባቢሌ_ዳር፦

ምሥራቅ ሐረርጌ ነው ያደግኩት። በኦሮምኛ ጥርስ «ኢልካን» ነው። ሶማሌዎች «ኢሊግ» ይላሉ፣ ሲበዛ «ኢልኮ»። አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጧቸው ዝምድናቸውን ታዩታላችሁ። የዝሆኑን «ኢልካ አርባ» እንለዋለን፣ አርባ ዝሆን ነው። እንደ አማርኛው ጥርስ ነው ያልነው፣ ቀንድ አላልንም። ዝሆኑን ከቅርብ የሚያይ ሰው የት እንደተተከለ ያውቃል።

ስለ ዝሆን ጥርስ ካነሣችሁ አይቀር ልጆቹ ይሄንንም ይወቁ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ የዝሆን ጥርስ ከዓባይ ማዶ አክሱም ተሰብስቦ በአዱሊስ ወደብ ይወጣ እንደነበር ይናገራል። ያን ጊዜ በባሕሩ ዳርም ዝሆን ይታይ ነበር። አሁን የት አለ? የባቢሌው መጠለያ በ1970 እንደ ፈረንጆች ቢቋቋምም ገዳይ አልቀረለትም። መጋቢት 2007 ዓ.ም. መንግሥት በመጋዘን የነበረውን 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ጉለሌ ዕፅዋት ማእከል ላይ አቃጥሎታል። ብዙ ሰው «ሀብት ተቃጠለ» ብሎ ተቆጣ። እኔ ደግ አደረጉ ነው የምለው። ዋጋ ያለው የሚመስለው ነገር እስካለ ድረስ የሚገድል አይጠፋም።

ሚጡ_ሻርጃ፦

እኔ በልጅነቴ የዝሆን ጥርስ ዋንጫ ያላቸው ሰዎች ቤት አይቻለሁ፣ ክብር ነበር።

ባቢሌ_ዳር፦

ክብሩ ለሰውየው ነበር እህቴ፣ ለዝሆኑ አልነበረም።

ደብረ_ሲና፦

ዘግይቼ ደረስኩ። ክራንቻ ያለው ሁሉ ሥጋ በል ነው ብለህ እንዳትጽፍ መምህር! የልጆች መጽሐፍ ሁሉ እንደዚያ ይላል። እኛ ጋ ጭላዳ አለላችሁ። ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነጭ ይውላል። ወንዱ ግን የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ክራንቻውን ሲያሳይ ነብር ነው የሚመስለው። ለመብል አይደለም፣ ሌላውን ወንድ ለማስፈራራት ነው።

ጅብም እንደዚያው ነው። አጥንት በክራንቻው የሚሰብር ይመስላችኋል። አይደለም፣ ከክራንቻው ኋላ ባሉት ወፋፍራም የጎን ጥርሶች ነው። አጥንት ሲቆረጥም አንገቱን ወደ ጎን የሚያዘነብለው ለዚያ ነው።

ሰላሌ_በር፦

ጅብ አጥንት ሲቆረጥም ቆመህ አንገቱን ያየህ አንተ ማን ነህ?

ደብረ_ሲና፦

ቄራ አጠገብ ያደገ ሰው ነኝ።

ትርፍራፊ_ቆሎ፦

በቅሎና ፈረስ ገበያ ላይ ሽማግሌዎች አፍ ከፍተው ዕድሜ የሚያዩትም በዚህ ነው። ወንዱ ፈረስ ክራንቻ አለው፣ አራትና አምስት ዓመት ሲሆነው ነው የሚያወጣ። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ የላትም፣ ቢኖራትም ኢምንት ነው። ላምና በሬ ደግሞ የላይ የፊት ጥርስ እንኳ የላቸውም፣ በድድ ነው የሚነጩት። ልጆቹ የከተማ ልጆች ናቸው፣ ላም ስትሥሉላቸው ከላይ ጥርስ ደርድራችሁ እንዳትሰጧቸው።

የቅዳሜው_መምህር፦

ኧረ ሠዓሊው ደርድሮላታል! ላሟ ሽፋኑ ላይ እየሳቀች ነው። እሱን ከአሳታሚው ጋር አወራለሁ።

እንግዲህ ገጹን እንዲህ አድርጌዋለሁ። ለውሻው «ክራንቻ»። ለከርከሮው «ረጅም ክራንቻ»። ለዝሆኑ «የዝሆን ጥርስ»፣ ከሥሩ በትንሽ ፊደል «ይህ የፊት ጥርስ ነው» ብያለሁ። ለእባቡ «ክራንቻ» እና «የመርዝ ጥርስ» መካከል ቆሜያለሁ።

ነጭ_ጋውን፦

የመርዝ ጥርስ በለው። ክራንቻ ካልከው ልጆቹ የውሻውን ቦታ ይፈልጉበታል።

ሚጡ_ሻርጃ፦

እኔም የመርዝ ጥርስ እላለሁ። ልጅ ወዲያው ይገባዋል፣ እጁንም ይሰበስባል።

ቀለመወርቅ_ኛው፦

እኔ ግን ለዝሆኑ ቀርነ ነጌ ይግባ ባይ ነኝ፣ ቢያንስ በቅንፍ።

የቅዳሜው_መምህር፦

ወንድሜ፣ ልጆቹ ገና ሀ ሁ ላይ ናቸው። ለወላጆች በሚሆነው የመጨረሻ ገጽ ላይ አስገባልሃለሁ። ዶክተር፣ አንድ ነገር ብቻ። ሠዓሊው ለከርከሮው ከላይ ሁለት ብቻ ነው የሣለው። የታቹን ይጨምርበት?

ነጭ_ጋውን፦

ይጨምር። አጭርና ሹል አድርጎ፣ ከላይኛው ጋር አስጠግቶ። የሚያቆስለው እሱ ነው ብዬሃለሁ እኮ።